በማን ቀን ነው?

አያቴን እምዬ ነው የምንላት። እምዬ ቀን በቁጥር አትጠራም ነበር። «ዛሬ ስንት ነው?» ብትላት «ሚካኤል ነው» ትልሃለች። ወይ «የአቦ ማግሥት» ነው፤ ወይ «ለማርያም ሁለት ቀን ቀርቷል»። አሥራ ሁለቱን፣ ስድስቱን፣ አሥራ ዘጠኙን ማስላት የእኛ የልጆች ሥራ ነበር። ማንበብና መጻፍ አታውቅም። ግድግዳዋ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር፤ ግን ለሥዕሉ ብላ ነው። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ሥዕሉ የእመቤታችን ስለሆነ ግን ማን ደፍሮ ያወርደዋል?

የቤቱ ጉዳይ ሁሉ የሚያዘው በዚሁ ነው። የወር ዕቁቧ የሚጣለው ለገብርኤል ነው። በጉ የሚገዛው «ባለወልድ ሳይደርስ» ነው። ከሰፈሩ ባለሱቅ ዘይትና ስኳር በዱቤ ስትወስድ «ለመድኃኔዓለም እከፍልሃለሁ» ትለዋለች። ባለሱቁ ሙስሊም ነው። 27 መድኃኔዓለም መሆኑን ግን ከእኛ በላይ ያውቃል። ቀኑ ሲያልፍ «እማማ፣ መድኃኔዓለም እኮ ትናንት ነበር» ይላታል፣ እየሳቀ። እሷም ረመዳን መቼ እንደሚገባ የምትሰማው ከእሱ ነው። ሰምታም ዝም አትልም፤ በረመዳን ዱቤውን ቀደም ብላ ትከፍላለች። «ሰውዬው ጾም ላይ ነው፣ አላስጠብቀውም» ትላለች።

የእኔም ልደት በዚሁ መዝገብ ነው የተያዘው። «አንቺ የተወለድሽው ለኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው» ትለኛለች። ኪዳነ ምሕረት 16 ናት። ስለዚህ እኔ የ15 ልጅ ነኝ። ትንሽ ከፍ ስል 15 የቂርቆስ ቀን መሆኑን አወቅሁና «ታዲያ ቂርቆስ የራሱ ቀን እያለው ለምን ዋዜማ ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋት። «እሱም አለበት» ብላ አለፈችኝ።

እስከ ሠላሳ መቁጠር የቻልኩት በዚህ መንገድ ነው። አንድ ልደታ። ሦስት በዓታ። አምስት አቦ። ሰባት ሥላሴ። አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ አራት ተክልዬ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ ባለወልድ። በመሃል ያሉትን ዝለል ብትባል ትዘላለህ እንጂ እነሱም ባዶ አይደሉም። ነገሩ የሚሠራው ደግሞ ወሮቻችን እኩል ስለሆኑ ነው። አሥራ ሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸው። ሠላሳ አንድ የሚባል ጣጣ የለም፤ ሃያ ስምንት ሆኖ የሚያንስም የለም። ሚካኤል ካለፈ በሠላሳኛው ቀን ሚካኤል ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ዓመቱን ሙሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ይዛ መዞር የምትችለው ለዚህ ነው።

ስለ ሃይማኖት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስብከቱ ነው፤ ወይ ክርክሩ። እኛ ቤት የገባው በቀን በኩል ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ «እግዚአብሔር ማለት እንዲህ ነው» ያለኝ ትዝ አይለኝም። «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ሳይባል ያለፈ ጠዋት ግን አላስታውስም።

ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማዋን የቆረቆራት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ስሟ የወጣው። የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ ሥርዓት ያቆመውም እሱ ነው ይባላል። እምዬ ስለ ንጉሡ ከስሙ በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ትእዛዙ ግን ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ጓዳዋ ድረስ ገብቶ፣ በየትኛው ቀን እህል እንደሚፈጭ በየትኛው እንደማይፈጭ ይወስን ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከሁላችን በፊት ትነሳለች። ፊቷን ትታጠባለች። ጋቢዋን ደርባ ደጅ ትወጣና ፊቷን ወደ ምሥራቅ ታዞራለች። እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን እንሰማታለን። መጀመሪያ ለአገር ትጸልያለች፤ ቀጥሎ ለዝናብ። ከዚያ በምጥ ለተያዘች፣ መንገድ ላይ ለቀረ፣ ለታሰረ፣ አልጋ ላይ ለዋለ። ከዚያ ጎረቤት በየተራ ይጠራል፤ ባለሱቁም አይቀርም። የእኛ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እህቴና እኔ «የማን ስም ይቀድማል?» ብለን እንወራረድ ነበር። ሁሌም የሚቀድመው የወንድማችን ነው፤ «እሱ ያስቸግራል፣ ለዚያ ነው» ትለናለች።

መጨረሻ ላይ 41 ጊዜ «አቤቱ ክርስቶስ ማረን» ትላለች። መቁጠሪያ አልነበራትም፤ በጣቷ አንጓ ነው የምትቆጥረው። አውራ ጣቷ ከአንጓ አንጓ ሲሻገር ይታየኛል። በመሃል ሽታ ይመጣል። «አቤቱ ክርስቶስ ማረን፣ አቤቱ ክርስቶስ ማረን፣ ኧረ ድስቱ ገነፈለ አውርጂው! አቤቱ ክርስቶስ ማረን…» ጣቷ ቦታውን አይለቅም። አንድ ቀን «እንዲህ እያቋረጥሽ ጸሎቱ ይደርሳል?» አልኳት። «እሱ ድስት እንዳለኝ ያውቃል» አለችኝ።

ስለ ጸሎት ብዙ ሰምቻለሁ፣ አንብቤያለሁም። ከዚህ የሚበልጥብኝ ነገር አላገኘሁም።

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ስለዚህ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ሽሮ ነው። የሚያስቸግረው ወተት የሚሰጥ ላም ያለው ቤት ነው። ለልጅ ካልሆነ ወተቱ ይረጋል እንጂ አይጠጣም፤ ስለዚህ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት እርጎው የጉድ ነው። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ደግሞ 55 ቀን ነው። እኛ ልጆች ግን የራሳችን ብለን የምንጠብቀው ፍልሰታን ነበር፤ ነሐሴ 1 ገብቶ ለ16 የሚፈታውን። በፍልሰታ ልጅም ይጾማል። ነሐሴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ ብርድ ነው። ነጠላችንን ተከናንበን፣ ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን ቅዳሴ እንሄዳለን። ጫማው በእጅ የሚያዘው ለቤተ ክርስቲያኑ ክብር ብቻ አይደለም፤ ጭቃው ስለሚውጠው ነው።

ከቆረብን በኋላ ያለው ነገር ነበር የሚያስደስተኝ። አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ቀስ ብለን እንመለሳለን። መትፋት የለም፣ መሮጥ የለም፣ ባዶ እግር መሄድ የለም። ሰው ሰላም ሲለን በዓይናችን ነው የምንመልሰው። የቤቱ ረባሽ ወንድሜ እንኳን የዚያን ቀን እንደ ትልቅ ሰው ይራመዳል። ቤት ስንደርስ እምዬ በር ላይ ቆማ ትቀበለናለች። በአዘቦቱ ቀን ስትጮህብን የምትውለው ሴት የዚያን ዕለት እያንዳንዳችንን «አንቱ» ትለን ነበር። «ግቡ፣ እዚህ ተቀመጡ» ትለናለች። ለአንድ ቀን አንቱ መባል ለሰባት ዓመት ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ማኅበሩ ልምጣ። እኛ ቤት ሃይማኖት ማለት ግማሹ ማኅበር ነው።

የእምዬ ማኅበር የማርያም ነው፤ በየወሩ በ21። አባላቱ የሰፈር ሰው ናቸው፣ ወንድም ሴትም። በየተራ ይደግሳሉ። ማኅበሩን የሚመራው ሰው ሙሴ ይባላል፤ የእነሱ ሙሴ ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ። ተራዋ ሲደርስ ቤቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ይታመሳል። ጌሾው ይወቀጣል፣ እንስራው ይታጠናል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። ዋናው ግን ዳቦው ነው።

ዳቦው የሚቦካው ማታ ነው። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይገባበታል። ጠዋት ሊጡ ቡሖ ዕቃውን ሞልቶ ክዳኑን ገፍቶ ይገኛል። ከገበያ የመጣውን ኮባ እናቴ በእሳቱ ነበልባል ላይ ታሳልፈዋለች፤ ካልለበለበችው ይሰበራል። ከሞቀ በኋላ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ምጣዱ ላይ መስቀለኛ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጣል፣ የኮባው ጫፍ ተመልሶ ይሸፈናል። ከዚያ ብረት ምጣድ ከላይ ይደፋበትና ፍሙ ይዘረገፍበታል። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች። እኛ አጠገቡ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ማንም አይናገርም፤ መክፈት የሚፈቀድላት እምዬ ብቻ ናት። ሲገለጥ የኮባው ጅማት ዳቦው ጀርባ ላይ ታትሞ ይወጣል። ዳቦው በሞሶብ ክዳን ላይ ይቀመጥና በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ መንካት ቀርቶ ማሽተትም አይቻልም።

አባ ሲመጡ ሁሉም ይነሳል። ጧፍ ይበራል። ጽዋው፣ በጨርቅ የተሸፈነው፣ መሃል ላይ ተቀምጧል። ጸሎት ይደረሳል፣ አባ ዳቦውን ባርከው በቢላዋ መስቀል ያደርጉበታል፣ ይቆረሳል። ከጽዋው በየተራ ይቀመሳል። መጀመሪያ የሚወጣው በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ነው። ለእኛ ለልጆች የሚደርሰን ከዳር ያለው፣ ጠንከር ያለው ነው። እሱን ነው የምንፈልገውም።

አንድ ጊዜ ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ። ሁለት ጎረቤታሞች በጎርፍ ውኃ ምክንያት ተኳርፈዋል። አንደኛዋ ቦዩን ወደ ሌላኛዋ ግቢ አዙራዋለች፣ ወይም አዙራዋለች ተብሏል። ሁለቱም አባል ናቸው። ሁለቱም መጥተው ተቀምጠዋል፣ አንዷ እዚያ ጥግ፣ አንዷ እዚህ ጥግ። ሙሴው ሊቆረስ ሲል እጃቸውን አነሱ። «ተኳርፎ ጽዋ አይጠጣም» አሉ። ዝም ተባለ። አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። እኛ ልጆች በረሃብ ልንሞት ነው። ሁለቱንም ሴቶች ያን ጊዜ የጠላናቸውን ያህል ማንንም ጠልተን አናውቅም።

ስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም። ጠላው አረፋው ጠፋ። በመጨረሻ አንደኛዋ ተነሳችና ወለሉን አቋርጣ ሄደች። «እኔ ለማርያም ብዬ ነው፣ ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች። ሌላዋም ተነሳችና «እኔም ለሷው ነው» አለች። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቦዩ በማግሥቱ በሁለቱ ባሎች ተቆፈረ፤ በሦስተኛ አቅጣጫ።

ማታ ላይ የቀጣዩ ወር ባለተራ ጽዋውን ይረከባል። ጧፍ ተይዞ፣ እየተዘመረ እቤቱ ድረስ ይሸኛል። «ለከርሞ ያድርሰን» ይባባላሉ። የሚቀጥለው ደግሞ ከነገ ጀምሮ ስለ ጌሾ ዋጋ ማማረር ይጀምራል።

ግንቦት ልደታም አለ። ግንቦት 1 ቤት ውስጥ አይከበርም፣ ውጪ ነው። ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውን፣ ዳቦውን፣ ረከቦቱን ይዞ ይወጣና ዛፍ ሥር ወይ አጥር ጥግ ይሰበሰባል። እኛ ሰፈር ግራር ሥር ነበር። ግራሩ አሁን የለም፤ መንገድ ወጥቶበታል። ሰዎቹ መንገዱ ዳር ላይ ማክበራቸውን አልተዉም፤ ሲኖትራክ ሲያልፍ ንፍሮውን በነጠላ ይሸፍናሉ።

ከሠላሳው ውጪ የቀረችው ጳጉሜን ናት። አምስት ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ትሆናለች። የጳጉሜን ሦስቱ ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ይታመናል። ከጠዋት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ እናያለን። እናቶች ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ጎድጓዳ ሳህኑን ሁሉ ግቢ ውስጥ ይደረድራሉ። ጠብ ማለት ሲጀምር የሰፈር ልጅ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ይወጣል። በደብረ ብርሃን ጳጉሜን ላይ ልብስ አውልቆ ዝናብ መመታት እምነት ይጠይቃል! ጥርሳችን እየተንገጫገጨ እንዘላለን፣ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ሥር ለመቆም እንጋፋለን። ከዚያ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለን ምድጃ ዳር። የተጠራቀመው ውኃ ከዕንቁጣጣሹ ሊጥ ውስጥ ጠብ ይደረጋል። አንድ ዓመት ሳይዘንብ ቀረና እምዬ ቀኑን ሙሉ ከሰማዩ ጋር ተኮራርፋ ዋለች። ማታ ላይ ሲያካፋ «ረስቶን አይደለም፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አለች።

በዓል በዛ የሚለው ወቀሳ አዲስ አይደለም። ገበሬው በወር ውስጥ ስንት ቀን ሞፈር አይነካም፣ አገር በዚህ ያድጋል ወይ ይባላል። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም። ግን ሙግቱ ላይ የማይነሳ ነገር አለ። በዓሉ ቀን አርሶ አደሩ ይቀመጣል፣ በሬውም ያርፋል። ሴቲቱ ግን ወጥ ትሠራለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ ቡና ታፈላለች። እምዬ በማርያም ቀን አትፈጭም፣ አትፈትልም። ሌላው ሁሉ ግን እጇ ላይ ነው። እናቴ ወጣት ሆና «ታዲያ ለኛ በዓሉ የታለ?» ብላ ጠይቃት እንደነበር ነግራኛለች። መልሱ «መፍተል ቀረልሽ አይደል?» የሚል ነበር። እናቴ መልሱን እስከ ዛሬ አልወደደችውም። እኔም አልወደድኩትም። አሁን በእኛ ቤት በ21 ዕቃ የሚያጥበው ወንድሜ ነው፤ ይሄ የእናቴ ማሻሻያ ነው።

አባቴ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ማኅበር ላይ ብዙ አያወራም። የሱ ነገር ዳዊት ነው። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ የነቢያት ጸሎትና የሰሎሞን መኃልይ ነው። አባቴ ይሄንን ቡና ሳይጠጣ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ በእኛ ቤት የወሩን ቀን የምታውቀው ከእምዬ ነው፣ የሳምንቱን ቀን ከአባቴ ድምፅ። ረቡዕ ቶሎ ያልቃል። ሰኞ ይረዝማል። ሰኞ ቁርስ የሚዘገየው ለዚህ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ድሮ ሰኞ ራሱ ቀርፋፋ ቀን ይመስለኝ ነበር።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። አባቴ ታክሲ ውስጥ የመስኮት ወንበር ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ያማትባል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። እሱ ብቻ አይደለም። ከመገናኛ ተነስተህ መሃል ከተማ እስክትገባ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ አብሮ ዝቅ ብሎ አብሮ ቀና ይላል። ስልክ ላይ ያለው «አንዴ ቆይ» ይላል። ረዳቱ በአንድ እጁ ብር እየቆጠረ በሌላው ያማትባል። ከተማዋ ራሷ እኮ የተጠራችው እንደ እምዬ አቆጣጠር ነው። ጊዮርጊስ፣ ልደታ፣ ኡራኤል፣ እስጢፋኖስ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳን በቀን ሁለቴ «ኡራኤል ወራጅ አለ!» ይላል። የመላእክት ስም እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ተራ ላይ ተጮሆ የሚጠራበት ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ታላቅ እህቴ ቨርጂኒያ ናት። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። እሷ ጋ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በጋቸው ሲሆን ማለቴ ነው። ከሥራ ስትወጣ ትደውላለች። ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀው «ዛሬ በእኛ ስንት ነው?» ነው። አሥራ ዘጠኝ ስላት «ውይ ገብርኤል!» ትላለች። የኛ አቆጣጠር ስልኳ ላይ አለ፤ ጭና አላየውም ትላለች። ሰው ሲነግራት ነው የሚገባት። እዚያ ዓመታዊው ንግሥ እንኳን ወደ ቅዳሜና እሑድ ይገፋል፤ ሥራ ስለማይፈቅድ። «ማክሰኞ የዋለው ሚካኤል እሑድ ነግሦ ታቦት አጅበን ዞርን፣ ፖሊስ መንገድ ዘጋልን» ብላ ነግራኛለች። ደስ ብሏታል። ግን ወርኃዊው ነው የጠፋባት። ዓመታዊውን ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ በአዘቦት ማክሰኞ ላይ ድንገት ዱብ የሚለውን የአቦን ቀን ግን እዚያ የሚነግርህ ጎረቤት የለም። ዱቤ የሚጠይቅ ባለሱቅም የለም።

ለዚህ መፍትሔ ያገኘችው እናቴ ናት። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ አለን። በየጠዋቱ «እንኳን ለ… ወርኃዊ መታሰቢያ በዓል በሰላም አደረሳችሁ» የሚል ሥዕል ትልካለች። ጽጌረዳ አለበት፣ የሚያብለጨልጭ ፊደል አለበት፣ አንዳንዱ ርግብ ይበርበታል። ንድፉ ያስለቅሳል። የአጎቴ ልጆች ግሩፑን ድምፁን አጥፍተውታል። እኔ አላጠፋሁትም። እህቴ በበኩሏ የምትመልሰው አንድ ቃል ነው፤ «አሜን»። ከማታ ፈረቃ መልስ፣ አውቶቡስ ላይ ሆና።

እምዬ ካረፈች ቆየች። ለቅሶ ላይ ከሚደርሱት ሴቶች የመጀመሪያው ጥያቄ «በማን ቀን አረፈች?» ነበር። በ20 ነው ያረፈችው፣ ማታ ላይ። ለማርያም አንድ ቀን ቀርቷት። አክስቴ በዚህ ተቃጠለች፤ ዕድሜ ልኳን ጽዋ የጠጣችላት አንድ ቀን ብታቆያት ምን ነበር አለች። አንዲት የማኅበሯ አሮጊት «ዋዜማው ማታ ይገባ የለ እንዴ? ማርያም ገብታ ነው የሄደችው» አለች። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። በማግሥቱ በ21 ተቀበረች። የማኅበሩ ሰዎች የዚያ ወር ጽዋ ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እንዲጠጣ ወሰኑ፤ ዳቦውን ባለተራዋ ከቤቷ አመጣች።

የእሷን ቦታ እናቴ ወረሰች። ውዳሴ ማርያሟ ማኅደር ውስጥ ነው፤ ማኅደሩ ከእምዬ ጥልፍ ቀሚስ ጥለት የተሰፋ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንደ ዳዊት በየቀኑ የተከፈለ ነው፤ ከሰኞ እስከ እሑድ። መጽሐፉን ስትገልጥ ከመሃል ነገር ይረግፋል። የጉርድ ፎቶ፣ የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት፣ የወንድሜ የስምንተኛ ክፍል ካርድ። «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» ስላት «ያኔ ሲፈተን አስቀመጥኩት፣ አልፏል አይደል? ይቀመጥ» ትላለች። ከመጽሐፉ ገጽ የወረቀቱ ብዛት ሳይበልጥ አይቀርም።

አዲስ አበባም ማኅበር አለን፤ ያው የማርያም፣ ያው በ21። ግማሹ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፣ ግማሹ የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት። ጠላው ቀንሷል። ብዙዎቹ ውኃና ለስላሳ ነው የሚያቀርቡት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ጠላ መጥመቅ ቀላል አይደለም፣ ሽታው ደረጃውን ሁሉ ይሞላል። ጽዋውን በደረጃ ማውረድም የራሱ ጣጣ አለው። ባለፈው መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ እያበራን፣ እየዘመርን ወረድን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጴንጤ ጎረቤቶቻችን በራቸውን ከፍተው አበሩልን። ልጃቸው «እኛም ዳቦ ይደርሰናል?» ብሎ ጠየቀ። ደረሰው።

የዚህ ወር ተራ የእኔ ነው። ትልቁ ጭንቀት ዳቦው ሆኗል። ኮባ መርካቶ ይገኛል፣ እሱ ችግር የለውም። ፍም ከላይ የሚደፋበት ምጣድ ግን በረንዳ ላይ ማንደድ ኮሚቴው ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከታች ብቻ ነው የሚያበስለው። ስለዚህ ዳቦ ቤት ላዝዝ አልኩ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የተገዛ ዳቦ ለጽዋ እንዴት ይቀርባል ይላል። ሌላው ወገን ዱቄቱስ ከወፍጮ ቤት አይደለም ወይ የሚመጣው ይላል። ክርክሩ በግሩፕ ላይ ሦስት ቀን ፈጀ፤ የድምፅ መልእክት ሁሉ ነበረበት። መጨረሻ ላይ ወደ እናቴ ተመራ።

እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል መለሰች።

«አባ ይባርኩት እንጂ ማን ጋገረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግን ጥቁር አዝሙድ አስጨምሪበት። ለዳቦ ቤቱም ቀን በቁጥር አትንገሪው፣ ይረሳል። ለማርያም ነው በይው።»